ሱሪ ይመጣል፣ ቀበቶ አይመጣም

«ሁለት ብቻ ከሆነ አታምጪው።» ይሄን ያለችኝ እዚሁ አዳማ ጧሪ ያጡ አረጋውያን የሚኖሩበት አንድ ማዕከል ውስጥ ዕቃ ቤቱን የምትይዝ ሴት ናት፣ እዛ ግቢ ያለ ሰው ሁሉ «ሲስተር» ነው የሚላት። የምናወራው ስለ ብርድ ልብስ ነበር። ድምጿ ውስጥ ቁጣም ንቀትም አልነበረም፣ ረጋ ብላ ነው ያለችው። እኔን ግን ሥራ ቦታም ባጃጅ ውስጥም እየተከተለኝ ሲነዘንዘኝ ከረመ። ሰው ቤቱ የተረፈውን ደህና ዕቃ ልስጥ ሲል፣ ያውም ብርድ ልብስ፣ ያውም በዚህ ኑሮ፣ እንዴት አታምጪው ይባላል?

ነገሩ የተጀመረው እናቴ ትልቁን ቤት አከራይታ ጓሮ ያለው ሰርቪስ ልትገባ ስትወስን ነው። አዳማ ውስጥ ይሄ አዲስ ነገር አይደለም፣ ልጆች ወጥተው ሲያልቁ ቤቱ ይሰፋል ጡረታው ይጠባል፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ደግሞ የጡረታ ብር ገበያ ወጥቶ ምን ይዞ እንደሚመለስ የሚያውቅ ያውቀዋል። እና የሳሎን፣ የሁለት መኝታ ቤትና የጓዳ ዕቃ በሙሉ አንድ ክፍል ውስጥ መግባት አለበት። አይገባም። ስለዚህ ቅዳሜና እሁድ እየሄድኩ ከእማዬ ጋር ቁጭ ብለን መለየት ጀመርን።

ለክፉ ቀን የተቀመጠ

እናቴ ዕቃ አትጥልም። ቡፌው ውስጥ ባለ አበባ ሰሃን አለ፣ ከነጎድጓዳው ከነሾርባ ማቅረቢያው፣ እኛ ልጆቿ አንድም ቀን በልተንበት አናውቅም። ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ከነላስቲኩ የተቀመጡ ሁለት ወፋፍራም ብርድ ልብሶች። አልጋ ስር ሻንጣ፣ ሻንጣው ውስጥ የአባቴ ኮቶችና ሱሪዎች። ጓዳ ስትገቡ ደግሞ ክዳን የሌለው ፔርሙስ፣ ፔርሙስ የሌለው ክዳን፣ እርስ በርስ የማይገጥሙ፣ ግን ሁለቱም ታጥበው በጨርቅ ተሸፍነው የተቀመጡ።

አሁን አሁን ዩቲዩብ ላይ ቤታችሁን አቅልሉ የሚሉ ቪዲዮዎች በዝተዋል፣ አንድ ዓመት ያልነካችሁትን አውጡ፣ ያላስደሰታችሁን አውጡ ምናምን። እኔም አይቻለሁ፣ አንዳንዱ ጠቃሚ ነው። እናቴ ላይ ግን አይሠራም፣ መሥራትም የለበትም ባይ ነኝ። የሷ ትውልድ ሳሙናና ስኳር ቀበሌ ሱቅ በር ላይ ካርድ ይዞ ተሰልፎ የገዛ ትውልድ ነው። 77ን አይቷል። አንድ ጠርሙስ ባዶ ሆኖም ዋጋ እንዳለው በኑሮ የተማረ ሰው ዕቃ ሲያስቀምጥ በሽታ አይደለም፣ ልምድ ነው። ደግሞ ያ ቡፌ ዝም ብሎ የተዘጋ አልነበረም፣ የጎረቤት ልጅ ሲዳር፣ ሰው ሲሞት፣ ክርስትና ሲነሳ ሰሃኑ እየወጣ እየተቆጠረ ሄዶ እየተቆጠረ የሚመለስ ዕቃ ነው። ለክፉ ቀን ሲባል የኔን ክፉ ቀን ብቻ ማለት አልነበረም፣ ይሄን እኛ ልጆቹ የረሳነው ይመስለኛል።

የመስጠቱን ሐሳብ ያመጣችው ራሷ ናት። ብርድ ልብሶቹን አውርደን አቧራቸውን ስናራግፍ ቆይታ «ክፉ ቀን እኔ ጋ እስኪመጣ ምን ይጠብቃል፣ አሁን የመጣበት ሰው አለ አይደል» አለችኝ። እኔ ወዲያው ባጃጅ ልጠራ ስነሳ ደግሞ ከለከለችኝ። «ተሸክመሽ ከመሄድሽ በፊት ሂጂና ጠይቂ። ሰው ቤት ሳይጠይቁ ዕቃ አይራገፍም።» ስለዚህ የለየነውን ሁሉ በስልኬ ፎቶ አነሳሁና ባዶ እጄን ሄድኩ።

ዕቃ ቤቱ

ሲስተር ስልኬን ተቀብላ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አየች። ኮቱን አልፋ፣ ሰሃኑን አልፋ፣ ፔርሙሱ ላይ ፈገግ ብላ፣ ብርድ ልብሱ ላይ ስትደርስ ቆመች። ስንት እንደሆነ ጠየቀችኝ፣ ሁለት አልኳት፣ መልሷን ከላይ ነግሬያችኋለሁ።

ከዛ ለምን እንደሆነ ስታስረዳኝ ቁጭ ብዬ ነው ያዳመጥኳት። ግቢው ውስጥ አርባ ገደማ ሰው አለ። «ሁለቱን ለማን ልስጥ? ለታመመ እንዳልል ሁሉም ታሟል። ለሸመገለ እንዳልል ሁሉም ሸምግሏል።» አንድ ጊዜ ሰው ሦስት አዲስ ጋቢ አምጥቶላት ይበርዳቸዋል ላለቻቸው ሦስት ሰዎች ሰጠች። በማግስቱ ጠዋት አንዲት እናት ቁርስ አልበላም አሉ። ምን ሆኑ ቢባሉ «ምን በድያችሁ ነው» ብቻ። በሁለተኛው ቀን ደግሞ ጋቢ ከደረሳቸው አንዱ ራሳቸው አጣጥፈው አምጥተው መለሱላት፣ ሰው እያየኝ እንቅልፍ አልወስድ አለኝ ብለው። ጋቢዎቹ ተመልሰው ዕቃ ቤት ገቡ፣ አሁንም እዛው ናቸው። «እዚህ ለሁሉም አንድ አልጋ፣ አንድ ኮመዲኖ፣ አንድ ኩባያ ነው። ሌላ የሚያጽናናቸው ነገር የለም፣ እኩል መሆናቸው ነው» አለችኝ።

ከዛ ቁልፉን አውጥታ ዕቃ ቤቱን ከፈተችልኝ። ክፍሉ ትንሽ ነው፣ መደርደሪያው እስከ ኮርኒስ ይደርሳል፣ ሞልቷል። ሞልቷል ስላችሁ በር ሲከፈት አንድ ፌስታል ወርዶ እግሬ ስር አረፈ። ተረከዙ ረጅም የሴት ጫማ፣ ሁለት ቬሎ፣ አንድ ክራንች (ጥንዱ የለም)፣ የሕፃን ጋሪ፣ የአንድ ሰው ሙሉ ሱፍ ከነክራቫቱ፣ አምስት ስኒ የቀረው ረከቦት፣ የቆየ ቴፕ፣ የአሮጌው ሥርዓተ ትምህርት የተማሪ መጻሕፍት በማዳበሪያ ታስረው። ቆሻሻ የሚባል ነገር እምብዛም አላየሁም፣ አብዛኛው ደህና ዕቃ ነው፣ አንዳንዱ ውድ ነው። ግን ሁሉም አንድ አንድ ነው። አንድ ቤት ያለው ዕቃ አንድ አንድ ነውና ከአንድ ቤት የሚወጣውም እንደዛው ነው የሚሆነው፣ አርባ ሰው የሚኖርበት ቤት ሲገባ ደግሞ ለማንም አይሆንም፣ ይቆለፍበታል።

ከዕቃ ቤቱ ስንወጣ ልብስ ማስጫው ጋ አለፍን። ገመዱ ላይ የተሰጡት አንሶላዎች ለአራት ተቀደው ነበር። ከአንዱ አንሶላ አራት የአልጋ ንጣፍ ማለት ነው፣ ሽንት የማይቆጣጠሩ አረጋውያን ስላሉ በቀን ብዙ ጊዜ ይቀየራል። እዛ የሞላ መደርደሪያ፣ እዚህ ለአራት የተቀደደ አንሶላ። ሃያ እርምጃ አይራራቁም።

ልሰናበት ስል አግዳሚው ላይ ፀሐይ የሚሞቁ አንድ አባት ሊጨብጡኝ ብድግ አሉ። ተቀመጡ በሞቴ ብልም እንቢ አሉ። ቀኝ እጃቸውን ዘረጉልኝ፣ ግራቸው ግን ወገባቸው ላይ ሱሪያቸውን ጨብጦ ይዟል። ሱሪው ጥሩ ነው፣ ግራጫ ሱፍ፣ አንድ ደህና ሰው ቢሮ ይሄድበት የነበረ ሱሪ፣ ለሳቸው ግን በጣም ሰፊ ነው። ወገቡ ላይ የታሰረ ሲባጎ ነበረው፣ ሲነሱ ተፈትቶ ተንጠልጥሏል። እኛ አገር ሰው አክብሮ ሰላም ሲል ቀኙን በግራው ደገፍ አድርጎ ነው፣ ያደግንበት ነው፣ ሳናስበው ነው የምናደርገው። እሳቸውም ሊያደርጉት ፈልገው ግራ እጃቸው ትንሽ ተነሳ፣ ሱሪው ወረድ አለ፣ መልሰው ያዙት። «በአንድ እጄ ሆነብኝ ልጄ፣ ይቅርታ» አሉኝ።

ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ሰው እኔን ይቅርታ ጠየቁኝ፣ ቀበቶ ስለሌላቸው። ምን እንደመለስኩላቸው አላስታውስም። ሲስተር በር ድረስ ስትሸኘኝ ነው የነገረችኝ፣ «ሱሪ ይመጣል፣ ቀበቶ አይመጣም። ሰው ሱሪውን ሲሰጥ ቀበቶውን መዝዞ ያስቀራል።» እውነቷን ነው። የአባቴ ሻንጣ ውስጥ ስምንት ሱሪ ነበረ። ቀበቶዎቹ ለየብቻ ተጠቅልለው ኮመዲኖ መሳቢያ ውስጥ ነበሩ፣ ልንሰጥ ካወጣነው ክምር ውስጥ አንድም አልነበሩም።

ማዕከል ድረስ የሚደርሰው ምንድነው

ከዛ በኋላ ስለ ትርፍ ዕቃ ሳስብ አንድ ነገር ገባኝ። ከተማችን ውስጥ ዕቃ ዝም ብሎ አይጣልም። ደህና ልብስ መጀመሪያ ገጠር ላለ ዘመድ ይሄዳል። ቀጥሎ ለቤት ሠራተኛዋና ለልጆቿ። ከዛ ጠዋት ጠዋት «ልዋጭ!» እያለ የሚያልፈው ልጅ አለ፣ ያረጀ ጫማና ልብስ ተቀብሎ ሳፋ ወይ ጭልፋ ወይ ስኒ ይሰጣል። ቆራሌው ደግሞ ብረቱን፣ ጠርሙሱን፣ የተቃጠለውን ምጣድ ይወስዳል። ይሄ ሁሉ ማንም ያላደራጀው ነገር ግን ሥራውን አሳምሮ የሚሠራ መስመር ነው፣ ብዙ ሰውም እንጀራ ይበላበታል፣ እኔ ልዋጭን ትቶ ሁሉን ለድርጅት የሚል ክርክር የለኝም።

ግን ተመልከቱት፣ በጎ አድራጎት ድርጅት ጋ የሚደርሰው ከዘመድ፣ ከሠራተኛ፣ ከልዋጭና ከቆራሌ የተረፈው ነው። የትርፉ ትርፍ። ልዋጩ እንኳን እምቢ ያለውን ቬሎ ጭነን ወስደን ደስ ብሎን እንመለሳለን። ደስታችን ውሸት ነው አልልም፣ የሰው ልብ ደግ ነው፣ ግን ቤታችን ስለጠበበን ነው ያወጣነው፣ የጠበበንን ነገር ደግሞ ሌላው ቤት ውስጥ እንዲሰፋለት ነው የምንጠብቀው። ያ ዕቃ ቤት የአዳማ ቤቶች ትርፍ መቆለፊያ ሆኗል፣ ቁልፉን የያዘችው ሴት ደግሞ ሰው እንዳይከፋው እያለች አመሰግናለሁ ብላ ትቀበላለች። ለኔ አታምጪው ያለችኝ ባዶ እጄን ስለሄድኩ ነው። ይዤ ሄጄ ቢሆን ተቀብላኝ መርቃኝ ትሸኘኝ ነበር፣ እኔም እስከ ዛሬ አላውቅም ነበር።

መቄዶንያ «ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው» የሚል መፈክር አለው፣ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ እኔ በጣም የምወደው አባባል ነው። ለመነሳት በእውነት በቂ ነው። ከተነሱ በኋላ ግን በር አንኳኩቶ ምን ጎደላችሁ ማለት ይመጣል፣ ይሄኛው ጊዜ ይወስዳል፣ ትንሽም ያሳፍራል፣ ምክንያቱም መልሱ እኛ የሌለን ነገር ሊሆን ይችላል።

እድሩ

የሲስተርን ነገር ለእናቴ ስነግራት ብዙም አልገረማትም። «አንድ ቤት የት ይደርሳል፣ ለእድር ንገሪ» አለችኝ። እኔ የእድር ስብሰባ ሄጄ አላውቅም፣ የምትሄደው እሷ ናት፣ በዛ ወር ግን አብሬያት ሄድኩ። መዋጮው ተሰብስቦ፣ የተቀጡት ተነግረው፣ የድንኳኑ ሸራ መጠገኛ ላይ ረጅም ክርክር ተደርጎ ከዛ በኋላ እናቴ እጇን አውጥታ ልጄ የምትለው አላት አለች።

ሐሳቤ ቀላል ነበር። ከየቤቱ የተለያየ ነገር ከምንሰጥ ከየቤቱ አንድ ዓይነት ነገር እንስጥ። በአንድ ዙር አንድ ዕቃ ብቻ። ማዕከሉ የሚያስፈልገውን ይነግረናል፣ እኛ ቁጥሩን እንሞላለን። መጀመሪያ ቀበቶ።

ወዲያው የተቃወመ ሰው ነበረ፣ እድር የተቋቋመው ለቀብር ነው፣ ሌላ ነገር ከተጀመረ መጨረሻ የለውም አለ። ይሄ የክፋት ንግግር አይደለም፣ ገንዘብ የሚጠብቅ ሰው ንግግር ነው። ሌላዋ ተነስታ በኤችአይቪ ዘመን ስንት እድር ወላጅ ያጡ ልጆችን እንዳሳደገ፣ በ2012 ኮሮና ሲገባ ማዕድ ማጋራት ተብሎ ከየቤቱ ዱቄትና ዘይት ሲሰበሰብ የእድሩ ዕቃ ቤት መጋዘን እንደነበረ አስታወሰች። ክርክሩ እዛና እዚህ ሲል ቆይቶ ያረጋጉት አንድ ሽማግሌ ናቸው፣ አርሲ ተወልደው አዳማ ያረጁ ሰው፣ ከመጡ ጀምሮ አንድም ቃል አልተናገሩም ነበር። ስለ ቡሳ ጎኖፋ አወሩ። ኦሮሞ ዘንድ ድርቅ ወይ በሽታ ከብቱን የፈጀበት ሰው ሲኖር ጎሳው ተቀምጦ ይመክራል፣ ከዚህ ቤት አንድ ጊደር፣ ከዛኛው አንድ ጊደር እየተባለ ይሰበሰብና ሰውየው መልሶ ይቋቋማል። አሁን በዚሁ ስም በክልል ደረጃ ተቋም አለ፣ መሠረቱ ግን ይሄ የቆየው ሥርዓት ነው። ሽማግሌው ያሉት ይሄን ነው፦ «አንዱ በሬ፣ አንዱ ድስት፣ አንዱ ኮርቻ ቢያመጣ ሰውየው ከብት አያረባም። ሁሉም ጊደር ስላመጣ ነው።»

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል አይደል፣ እኔ ሁሌም ሸክምን ስለ መካፈል ብቻ ይመስለኝ ነበር። ሽማግሌውን ስሰማ ግን ዓይኔ ሎሚው ላይ ሄደ፣ ሃምሳው ሰው ሁሉ የያዘው ያንኑ ሎሚ ነው።

እድሩ ተስማማ፣ ግን በቅድመ ሁኔታ፣ ከሣጥን አምስት ሳንቲም አይወጣም፣ የሚሰበሰበው ዕቃ ብቻ ነው፣ የሚሰበሰበውም እድሩ ዕቃ ቤት ነው። እኔ ከዚህ በላይ አልጠየቅኩም ነበር።

ቀበቶ ደግሞ የሌለበት ቤት የለም። የቴሌግራም ግሩፑ ላይ ከተጻፈበት ቀን ጀምሮ ልጆች በፌስታል እያደረጉ ሲያመጡ ነበር፣ የተሰነጠቀውን፣ ዘለበቱ የወለቀውን ለየብቻ አደረግን፣ ሰፈራችን ያለ ጫማ ሰፊ ዘለበት ቀየረልን፣ ለአንዳንዱም ተጨማሪ ቀዳዳ በሳለት፣ የአረጋውያኑ ወገብ ቀጭን ስለሆነ። የእጅ ዋጋ ስንሰጠው ግማሹን መለሰልን። ግቢው ውስጥ ሱሪ የሚለብሱት አባቶች ሃያ አይሞሉም፣ ቀበቶው ከቁጥራቸው በለጠ። አንድም ሰው ሳይቀር በአንድ ቀን ታደለ፣ አንዱ ቡኒ አንዱ ጥቁር ቢሆንም ማንም ቅር አላለውም። ግራጫ ሱፍ ሱሪ የለበሱት አባት የደረሳቸው የአባቴ ነው፣ ይሄን የመረጥኩት እኔ አይደለሁም፣ ሲስተር ናት ያደለችው፣ የማን እንደሆነም አታውቅም ነበር። ከዛ በኋላ ስንገናኝ በሁለት እጃቸው ነው የጨበጡኝ።

ስንጠይቅ የሰማናቸው

አሁን የሲስተርን ሊስት ስለያዝኩ አንዳንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ሰው ሳያውቅ የሚለፋበት ነው። ወፍራም ብርድ ልብስ አዳማ ላይ ብዙ አይፈለግም፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ይበርዳል፣ ግን ዋናው ችግር አጠባው ነው፣ ውሃ በማይመጣበት ቀን ያንን ሁሉ ማጠብ አይቻልም፣ አንዴ ሽንት ከነካው ደግሞ ሳይታጠብ አይሆንም። ስስ የጥጥ ነገር ይሻላቸዋል፣ አንሶላ፣ ያረጀ ነጠላ፣ የለሰለሰ ጋቢ። ያገለገለ ፍራሽ አይቀበሉም፣ ትኋን ከገባ አርባ አልጋ ነው የሚወርሰው። የተከፈተ መድኃኒት፣ ከሐኪም ትዕዛዝ የተረፈ ክኒን በፍጹም፣ ሰው ከቤቱ የተረፈውን የደም ግፊት መድኃኒት ሳይቀር ያመጣል አሉ፣ ቅን ልብ ነው ግን አደጋ ነው። ያገለገለ የውስጥ ልብስም አይሆንም። በጣም የሚያልቅባቸውና ማንም የማያመጣው የአዋቂ ዳይፐር፣ ልብስ ሳሙናና በረኪና ነው።

ልብስ የሚሰጥ ሰው አጥቦ፣ ቁልፉን ተክሎ፣ ዚፑን አይቶ ይስጥ። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ነው፣ ሳይለይ የተሰጠ ልብስ እዛ ያሉትን ሦስት ሠራተኞች ቀኑን ሙሉ ሲለዩ ያውላቸዋል፣ በዛ ሰዓት አንድ አባት ሊታጠቡ ይችሉ ነበር። ገንዘብ ወይ ብዙ ዕቃ የምትሰጡ ከሆነ ደግሞ ድርጅቱ በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት የተመዘገበ መሆኑን ጠይቁ፣ ደረሰኝም ጠይቁ፣ ነውር አይደለም፣ በትክክል የሚሠራ ድርጅት ሲጠየቅ ደስ ይለዋል እንጂ አይከፋውም።

አንድ የምቆጣበት ነገር ግን አለ፣ ፎቶው። ዕቃ ይዘው መጥተው አረጋውያኑን አስቀምጠው፣ ሳሙና እጃቸው ላይ አስይዘው፣ ፈገግ በሉ ብለው ቲክቶክ ላይ የሚለጥፉ አሉ። እነዚህ ሰዎች ልጅ አላቸው፣ አንዳንዶቹ የት እንዳሉ ልጆቻቸው አያውቁም፣ እንዲያውቁም የማይፈልጉ አሉ። ቀኝህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ የሚለውን ክርስቲያኑ ያውቀዋል፣ ሙስሊሙም ተደብቆ የሚሰጥ ሰደቃ የበለጠ እንደሆነ ያውቃል። እድራችን ፎቶ የሚነሳው ዕቃው ብቻ ነው ብሎ ወስኗል፣ ያንንም ተቆጥሮ ሲረከቡ ለመተማመኛ።

ቡፌው

ሁለቱ ብርድ ልብሶች ሰፈራችን ውስጥ ባለቤት አገኙ። የመንገዳችን የሌሊት ጥበቃዎች ሁለት ናቸው፣ ሁለት ሆነው እናቴ ፊት የተቀበሉት አንድ ቀን ነው። ሰሃኖቹን እናቴ አልሰጠችም፣ የሚበቃትን ወደ ሰርቪሱ ወሰደች፣ የቀረውን ለልጆቿ አካፈለች፣ እኔ ጋ የደረሰው ላይ በየቀኑ እየበላሁበት ነው፣ ይሄን ስነግራት መጀመሪያ ደነገጠች ከዛ ለመደችው።

የተጨቃጨቅነው ቡፌው ላይ ነው። ዋንዛ ነው፣ ከባድ፣ ለአራት ሰው የሚነሳ። እኔ ለማዕከሉ እንስጠው፣ ዕቃ ያስቀምጡበታል አልኩ። እናቴ ዕቃ ማስቀመጫ ሞልቶባቸዋል ስትይ አልነበር አለችኝ። ሸጠን ብሩን እንስጥ ስትል ደግሞ እኔ ከፋኝ፣ ለምን እንደሆነ በደንብ አላውቅም፣ አባቴ ያሠራው ዕቃ ባገለገለ ዕቃ ነጋዴ እጅ መውደቁ ይሆናል። እናቴ ግን እንዲህ ያለ ነገር አያስጨንቃትም፣ እንጨቱ አባትሽ አይደለም አለችኝ። ነጋዴው መጥቶ ዞር ዞር ብሎ አንኳኩቶ ዋጋ ነገራት፣ እሷም ነገረችው፣ ከሰዓት ሙሉ ተከራከሩ፣ እኔ መሃል ላይ ደክሞኝ ወጣሁ። ስመለስ ቡፌው ጋሪ ላይ ነበር፣ ብሩ ደግሞ መሀረቧ ውስጥ ታስሯል። ጅምላ መሸጫ ሄደን ዳይፐር በካርቶን፣ ልብስ ሳሙና፣ በረኪና ገዛን፣ እሷ ናት ዋጋ ስታስቀንስ የነበረችው፣ ለማን እንደሆነ ለነጋዴው ሳትናገር።

አሁን የእድራችን ሁለተኛ ዙር አንሶላ ነው፣ ጥጥ፣ ታጥቦ፣ ቢያረጅም ያልነተበ። ለጳጉሜ የቤት ጽዳት ሰው ቁም ሳጥኑን ሲያወጣ ይደርሳል ብለን ነው ጊዜውን የመረጥነው፣ ከየቤቱ ሁለት ቢመጣ ገመዱ ላይ ለአራት የሚቀደድ አይኖርም። ሲስተር ሦስተኛውን ዙር ከወዲሁ ነግራናለች፣ ጥፍር መቁረጫ፣ ለያንዳንዳቸው የግላቸው።